የልጆቹ የምስጋና ደብዳቤ፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ጥቅምት

መስከረም፣ መነሻ

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽና ለትምህርት መክፈቻ ለልጆቹ ብዙ ነገር ገብቶላቸዋል ተመስገን። ጅዳ ያለችው እህቴ ለወንዱ (2ኛ ክፍል ነው) ስኒከር ላከችለት፣ ሐይቅ ያሉት እናቴ ለትልቋ (4ኛ ክፍል) በእጃቸው የሰፉትን ሙዳይ ሰጧት፣ ጎረቤታችን እማማ ለትንሿ (ኬጂ ናት) ሹራብ ሠሩላት፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው ወንድሜ ደግሞ ለበዓል መጥቶ ሲመለስ ለሦስቱም እጅ እጃቸው ላይ ብር አስጨብጧቸው ወረደ።

ሰጪው ፊት ለፊት ሲሆን ልጆቹ ሥርዓቱን ያውቁታል፣ በሁለት እጅ ይቀበላሉ፣ ጉልበት ይስማሉ፣ እደጉ ተመንደጉ ይባላሉ፣ አሜን ብለው ይሮጣሉ። ችግሩ ሰጪው ሩቅ ሲሆን ነው። በኢሞ ደውዬ ስልኩን ስሰጣቸው "አመሰግናለሁ አክስቴ" ይሉና ስልኩን መልሰው እኔው እጅ ላይ ያደርጉታል፣ በቃ አለቀ። እህቴ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ ያን ጫማ ለመግዛት ምን ምን እንዳስቀረች እኔ አውቃለሁ፣ ማታ ሥራ ጨርሳ ክፍሏ ስትገባ አውጥታ የምታየው ነገር ይገባታል ብዬ ነው ይሄን የደብዳቤ ነገር የጀመርኩት። የሰፈራችን ልጅ እረፍቷን ጨርሳ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደ ጅዳ ትመለሳለች፣ በእጇ ይዛልን ለመሄድ እሺ ብላናለች። ስለዚ ቀነ ገደባችን እሱ ነው።

የዕቃ ግዢ

እዚህ ደሴ ፒያሳ ወርጄ መጀመሪያ የታተመ ካርድ አየሁ፣ አንዱ 80 ብር። ውስጡ በእንግሊዝኛ ተጽፎ አልቋል፣ ልጁ ከታች ስሙን ብቻ ነው የሚጨምረው፣ ተውኩት። የገዛሁት፦ ከፎቶኮፒ ቤት ኤፎር ወረቀት በፍሬ 20 ሉክ 60 ብር፣ እርሳስ ሦስት 45፣ ላጲስ 10፣ ሰማያዊ ቢክ ሁለት 40፣ ባለ 12 የእንጨት ቀለም 180። ድምር 335 ብር። ማርከር እቤት ነበረ። ፖስታ አልገዛሁም፣ የአምና ካላንደር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ፣ ወረቀቱ ወፍራም ነው እሱ ይሆናል ብዬ።

ኤፎሩን ለሁለት አጥፌ ቆረጥኩት። ሙሉው 21 በ29.7 ሴንቲ ነው፣ ግማሹ 21 በ14.8 ይመጣል። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ለውጥ አለው፣ የ2ኛ ክፍል ልጅ ሙሉ ነጭ ገጽ ሲሰጠው ገና ሳይጀምር ይደክመዋል፣ ግማሿን ግን አምስት ስድስት መስመር ይሞላታል።

የመጀመሪያው ሙከራ፣ ናሙና መገልበጥ

አንድ ናሙና ጻፍኩላቸው፣ እኛ ልጆች ሆነን እንደምንጽፈው፣ ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ለላክሽልኝ ስጦታ ከልብ አመሰግናለሁ ምናምን። ስሙን እየቀየራችሁ ገልብጡ አልኳቸው።

ገለበጡ። ንጹሕ ነው፣ መስመሩን የጠበቀ ነው፣ ግን ሦስቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የጫማው፣ የሙዳዩና የብሩ ምስጋና አንድ ናቸው። የአክስቷን ስም አጥፍተህ የአጎቷን ብትከትበት ምንም አይጎልም። ወንዱ ደግሞ ሰላምታው ላይ ብቻ ግማሹን ገጽ ጨርሶ ጫማ የምትለዋ ቃል ሳትመጣ እጁ ደከመው። በዛ ላይ ልጄ እድሜውን ሙሉ "ከልብ" ብሎ አያውቅም፣ እህቴ ይሄን ብታነብ የኔ ድምፅ እንጂ የሱ ድምፅ አይሰማትም። ወረቀቶቹን ለእሳት ማቀጣጠያ አደረግናቸው።

ከዚህ የቀረልን አንድ መፈተኛ ነው፣ የተቀባዩን ስም ቀይረህ ደብዳቤው ለሌላ ሰው ከሆነ፣ ገና አልተጻፈም ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ መጀመሪያ በስልክ መቅዳት

የስልኩን ድምፅ መቅጃ ከፍቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ከወንዱ ጋ ወሬ ጀመርኩ። "አክስትህን ምን ልትላት ትፈልጋለህ?" ብሎ መጠየቅ አይሠራም፣ መልሱ ሁሌ አመሰግናለሁ ነው ከዛ ዝምታ። የሚሠራው ስለ ዕቃው መጠየቅ ነው። የት አድርገኸው ሄድክ? ማን አየብህ? ምን አለህ? ማታ የት ታስቀምጠዋለህ? እንዲህ ሲሆን አፉ ተፈታ፦

"ሆጤ ሜዳ ኳስ ልንጫወት ሄድን እኮ እማዬ፣ ከዛ ተሯሯጥኩበት፣ አንደኛ ወጣሁ፣ ከዛ ጭቃ ነካው፣ እቤት መጥቼ በአሮጌው የጥርስ ብሩሽ አጠብኩት፣ ማታ አልጋዬ ሥር ነው የማስቀምጠው ድመቷ እንዳትተኛበት።"

እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። ብሩሹንም ስፈልገው ነው የሰነበትኩት። ደብዳቤው እዚሁ ቀረጻ ውስጥ አለ፣ የቀረው ወረቀት ላይ ማውረድ ነው። ቀረጻውን ትንሽ ከፍቼ አቆማለሁ፣ እሱ የሰማውን ይጽፋል፣ ደግሞ እከፍታለሁ። የራሱን ድምፅ እየሰማ ስለሆነ "ምን ልበል" የሚል ጥያቄ የለም። በአንዴ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ በኋላ። ማታ ከቤት ሥራ በኋላ ሞክረን ነበር፣ እንቅልፍና ልቅሶ ነው የሚመጣው፣ መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል።

የፊደል ነገር

ልጁ 231ዱንም ፊደል በቃሉ ይወርደዋል፣ ዲቃላዎቹ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። "ተሯሯጥኩ" የሚለውን "ተሩዋሩዋትኩ" ብሎ ጻፈ። ሯን ሌላ ወረቀት ላይ ትልቅ አድርጌ ጻፍኩለት፣ ረ ላይ እግር ጨመርን ብሎ ተቀበለው፣ ጥ እና ት ግን እስካሁን ይደባለቁበታል። ሌላው ሁላችንም ኢንተርኔት ላይ የምናየው "አመሰግናለው" ነው፣ ትልቋም ሳትቀር እንደዛ ነው የጻፈችው። "አለው" የሱ ነው፣ "አለሁ" የኔ ነው፣ አንቺ ስለራስሽ ነው የምትጽፊው ስላት ራሷ አስተካከለችው፣ የወንድሟንም አረመችለት።

ከዛ ውጪ ብዙ አላረምኩም። ሀ እና ሐ ቢቀያየር፣ ሰ በሠ ቦታ ቢገባ አክስቱ ታነበዋለች። ስም ከተሳሳተ ወይ ትርጉም ከተቀየረ ብቻ እናስተካክላለን። በቀይ እስኪርብቶ የታረመ ምስጋና ለሰው አይላክም፣ ስለዚ ረቂቁ ሁሌ በእርሳስ ነው፣ ላጲስ ነው ቀይ እስኪርብቷችን።

ወረቀትና ቀለም

ነጩ ወረቀት መስመር ስለሌለው ጽሑፉ ወደ ላይ ይወጣል። መስመር ማስመር ከዛ በላጲስ ማጥፋት ሞከርን፣ ቢኩ አብሮ ይፈዛል፣ ወረቀቱም ይላጣል። የሠራልን ከሥር የሚገባ መስመር ነው፣ አንድ ወረቀት ላይ በማርከር በወፍራሙ አሰመርኩ (በ1 ሴንቲ ተኩል ርቀት ለወንዱ፣ በ1 ሴንቲ ለትልቋ)፣ እሱን ከደብዳቤው ሥር አድርገን ሁለቱን በልብስ መቆንጠጫ ያዝናቸው፣ መስመሩ በግልጽ ያሳልፋል። ሲጨርሱ ማውጣት ነው፣ ምልክት የለም። ማርከርን ለጽሑፍ መጠቀም አያዋጣም፣ ወደ ጀርባ ያልፋል፣ የእንጨት ቀለሙ ግን ለሥዕል ጥሩ ነው።

የትልቋ ደብዳቤ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሰው

እናቴ ፊደል አልቆጠሩም። ደብዳቤውን የሚያነብላቸው እዛው ጎረቤት ያለ ተማሪ ነው፣ ቡና ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ። ስለዚ ይሄ ደብዳቤ የሚሰማ እንጂ የሚታይ አይደለም፣ ይሄን ስናውቅ አጻጻፉ ሁሉ ተቀየረ።

ትልቋ መጀመሪያ የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር ገጹን ግማሽ ይሸፍናል፣ "የሰጡኝን ሙዳይ ጓደኞቼ አይተው ከየት አመጣሽው ብለው ሲጠይቁኝ አያቴ ናት የሰራችልኝ ስላቸው ..." እያለ ይቀጥላል። ጮክ ብለሽ ለእህትሽ አንብቢላት አልኳት። ትንሿ መሐል ላይ ማዳመጥ ትታ ሄደች። ትንሿ የምትሄድበትን ቦታ እያየን እዛ ጋ አራት ነጥብ አደረግን። ሌላው ችግር እዛችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያለው፣ እላይ "የሰጡኝን" ብላ ታች "የሰራችልኝ" ትላለች፣ አክብሮቱ መንገድ ላይ ይወድቃል። በአፏ አያቷን አንቱ ነው የምትለው፣ ትምህርት ቤት ደግሞ እርስዎ ተብሎ ነው የሚጻፈው ብለዋታል። ይሄ የሚነበበው ለአያትሽ ነው፣ አንቺ እንደምታወሪያቸው ይሁን ብዬ አንቱን ተውንላት።

የወጣው እንዲህ ነው፣ እንዳለ፦

"እማማ እንደምን ሰነበቱ። ሙዳዩ ውስጥ የጸጉር ማስያዣዬንና የጆሮ ጌጤን አስቀምጫለሁ። ማንም አይነካብኝም። ቀዩን መስመር ቆጠርኩት፣ ሰባት ነው። አንቱ ግን ክዳኑ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሿን እንዴት አድርገው ጨረሷት? እኔ ሳየው መጀመሪያውም መጨረሻውም አይታወቅም። ስመጣ ያሳዩኝ። አክርማውን እኔ እነክርሎታለሁ። ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ይመርቁኝ።"

ሁለት ነገር ልብ አልኩ። አንደኛ ጥያቄ ማስገባቷ፣ ይሄ ከኔ አይደለም ከራሷ ነው፣ ግን ከዚህ በኋላ ለሁሉም እናስገባለን፣ ምክንያቱም ጥያቄ ያለው ደብዳቤ መልስ ያመጣል። ሁለተኛ መጨረሻው። ልጅ ትልቅ ሰው አይመርቅም፣ የሚገባው ምርቃት መጠየቅ ነው፣ "እድሜና ጤና ይስጥዎት" ብላ መዝጋት ፈልጋ ነበር ካርድ ላይ አይታ፣ ራሷ ስታነበው የትልቅ ሰው አፍ ሆነባትና "ይመርቁኝ" ብላ ቀየረችው። ደስ አለኝ።

ወረቀቱን ወደ ሐይቅ በሚሄድ ሚኒባስ በሰው እጅ ላክነው። በሳምንቱ መልሱ መጣ፣ የታሰረ ስንደዶና አንድ ወስፌ። በቃልም "ትምጣ፣ ከክዳኑ ነው የምንጀምረው" ብለው ልከዋል። እንደሰማሁት በሁለት ቡና ላይ አስነብበውታል።

የትንሿ፣ መጻፍ ለማትችል ልጅ

ለኬጂ ልጅ ሥራው ሌላ ነው። እሷ ሹራቡን ሣለች፣ እኔ ከሥር ያለችውን ቃል በቃል ጻፍኩ፣ ሳላሳምር፦ "እማማ ጉም ሲመጣ ይሞቀኛል። ቁልፉ ጥንዚዛ ይመስላል። አንዱ ቁልፍ የኔ ነው አንዱ የእማማ።" የጥንዚዛውን ነገር ልሰርዘው ብዬ ነበር፣ ደግነቱ አልሰረዝኩትም፣ ኋላ ከሁሉ ያስደሰታቸው እሱ ነው። ስሟን ራሷ ጻፈች፣ አንዱ ፊደል ተገልብጧል፣ እንደተገለበጠ ሄደ።

ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፣ ሹራቡን ሲሰጡም ጀባ ብለው ነው ያለበሷት። ትልቋ "እግዜር ይስጥልኝ ነው ወይስ አላህ ይስጥልኝ የሚጻፈው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኛ በአጥር በኩል ሁሌ እንደምንላቸው ነዋ፣ አላህ ይስጥልኝ ተብሎ ተጻፈ። እሳቸውም ለፋሲካ እግዜር ያድርሳችሁ ነው የሚሉን። ትንሿ ሹራቡን ለብሳ በእጇ ይዛ ሄደች፣ ይሄኛው ፖስታም አላስፈለገው።

የብሩ ደብዳቤ

ከሁሉ የከበደው ይሄ ነው። ብር መልክ የለውም፣ ልጅ ስለ ብር የሚያወራው ቁጥሩን ነው። ወንዱ "ስለ 200 ብሩ አመሰግናለሁ" ብሎ ጀመረ። ቁጥሩን አስወጣነው። ወንድሜ ለኛም ለሌሎቹም የወንድምና የእህት ልጆች ይሰጣል፣ ሁሉም እኩል አያገኝም፣ ደብዳቤ ደግሞ ቤት ውስጥ እጅ በእጅ ይዞራል፣ ሰው ቅር የሚያሰኝ ነገር ወረቀት ላይ ባይቀመጥ ይሻላል።

ቁጥሩ ሲወጣ ግን ምንም አልቀረም፣ ብሩ ገና አልተነካማ። ስለዚ ደብዳቤውን አቁመን ወደ ሱቅ ወጣን። ትልቋ ኮምፓስና ማስመሪያ ያለበትን ሳጥን ገዛች፣ ወንዱ ኳስ፣ ትንሿ የሷን ጣሳ ውስጥ ከተተችው፣ እያንቀጫቀጨች ታሰማለች። ከዛ ከሱቅ መልስ ቀዳናቸው፣ ወሬው ራሱ መጣ፣ ወንዱ ኳሱን መሬት ላይ እያነጠረ እንዴት እንደመረጠ ብቻ አንድ ገጽ ይሆናል። የብር ምስጋና ብሩ ዕቃ ከሆነ በኋላ ነው መጻፍ ያለበት። ደግሞ በጣም ማቆየት አይደለም፣ ሁለት ሳምንት ካለፈ ልጁም ይረሳዋል ሰጪውም ደረሳቸው ይሆን ይላል።

ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቀለም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ በየቀኑ ኮምቦልቻ የሚሠራ ጎረቤት አለን፣ ጠዋት ሰጠነው ከሰዓት ወንድሜ ደወለ። ስልኩን ለልጆቹ ስሰጣቸው በዚህኛው መልሰው አልሰጡኝም፣ ስለ ኳሱ እየጠየቃቸው ብዙ አወሩ።

የጫማው ልክ

ቀረጻው ውስጥ ወንዱ አንድ ነገር ብሎ ነበር፣ "ግን አውራ ጣቴን ይነካኛል"። ደብዳቤው ላይ ልጻፈው አለ፣ እውነት ነው እኮ እማዬ አለ። እውነት ነው። ግን አክስቱ ሩቅ ሆና ይሄን ስታነብ ስለ ሩጫው የጻፈውን ሁሉ ትታ እሱን ነው የምታስበው፣ ሌላ ልግዛ ብላ ነው የምትጨነቀው። እንዲዋሽ አልፈልግም፣ "ልክክ አለኝ" ብሎ እንዳይጽፍ ነግሬዋለሁ፣ ዝም ማለትና መዋሸት የተለያዩ ናቸው። ስለ ልኩ እኔና እሷ በስልክ እንነጋገራለን፣ አንተ ስለ ሆጤ ጻፍ ተባባልን፣ ገባው።

እህቴ ራሷ ለሚቀጥለው ልኩን ላኩልኝ ብላኝ ስለነበረ ለየብቻ ለካነው። ማታ ላይ ነው የሚለካው፣ እግር ቀን ሲሮጥ ውሎ ትንሽ ያብጣል። ቆሞ፣ ክብደቱን ጥሎ፣ እርሳሱ ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱም እግር። ቀኙ 20 ሴንቲ ተኩል መጣ፣ ግራው ትንሽ ያንሳል፣ ጫማው 32 ቁጥር ነው፣ ስለዚ ቀጣዩ ከ33 ማነስ የለበትም። የእግሩን ስዕል ፎቶ አንስቼ በዋትስአፕ ላኩት፣ ደብዳቤው ውስጥ አልከተትኩትም፣ ምስጋና ውስጥ ልክ ከገባ ጥያቄ ይመስላል።

ፖስታና መላኪያ

የካላንደሩ ወረቀት ሲታጠፍ ጥሩ ፖስታ ይሆናል፣ ሥዕሉ ወደ ውጭ። ሙጫ ከዱቄትና ውሃ ምድጃ ላይ አብስለን ሠራን፣ ቀጭን ሲሆን ነው የሚሻለው፣ ወፍራሙ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከላይ መጽሐፍ ጭኖ ማሳደር ግድ ነው። የሚያብረቀርቀው ገጽ ላይ ቢክ አይይዝም፣ ስም የሚጻፍበት ነጭ ቁራጭ ለጠፍንበት።

በፖስታ ቤት መላክ አስበን ነበር፣ ልጆቹ ቴምብር መለጠፍ ፈልገው ነበር። ግን እህቴ የምትኖረው አሠሪዎቿ ቤት ነው፣ በራሷ ስም የሚደርስ አድራሻ የላትም። አገር ውስጥም ቢሆን የኛ ፖስታ በአብዛኛው በሳጥን ቁጥር ነው የሚሄደው፣ እናቴም ወንድሜም ሳጥን የላቸውም። የሰው እጅ ይሻላል።

ከመላኩ በፊት ሁሉንም ፎቶ አነሳኋቸው። የጅዳው ፎቶ አስቀድሞ እንዳይላክ ግን ልጆቹ አስማሉኝ፣ ወረቀቱ ቀድሞ ይድረስ ብለው። ትናንት ወደ ጅዳ ለምትመለሰው ልጅ ሰጠናት፣ ሻንጣዋ ውስጥ እንዳይታጠፍ በካርቶን መሐል አድርጋ ያዘችው።

ለገና የሚቀየር

ስጦታ በመጣ ቀን ማን ምን እንደሰጠ የሚጻፍበት አንድ ደብተር በር አጠገብ ተሰቅሏል፣ ትልቋ ናት ኃላፊዋ። ድምፁ የሚቀዳው በዛው ሳምንት ነው፣ የሚጻፈው ቅዳሜ። የዱቄት ሙጫውን ባለፈው ከሠራነው ግማሽ፣ ተርፎ ሻገተ። የሐይቁ ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል፣ የሚያነብላቸው ልጅ ማታ በኩራዝ ሲሆን ይቸግረኛል ብሏል። ወረቀት 11 ሉክ ተርፏል፣ ይበቃል። እርሳሶቹ ግን በቢላ እየተቀረጹ ግማሽ ሆነዋል፣ ደህና መቅረጫ መግዛት አለብኝ።